እስከ መስቀል የማይታይ አክሲዮን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ

የእህቴ ልጅ አበበች ከምዕራብ ዓባያ መጥታ ዋለች። ለልብስ ስፌት ቤት መክፈቻ የምታጠራቅመውን ገንዘብ በግማሹ የባንክ አክሲዮን፣ በግማሹ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ እንድትገዛበት የመከርኳት እኔ ነኝ። ዋጋቸውን አይተን ግማሽ በግማሽ እንዲሆኑ የምናስተካክለው በዓመት አንዴ፣ በመስቀል ማግስት ነው። ዛሬ ግን ዋጋው ወርዷል ብላ አክሲዮኑን ሰኞ ልትሸጥ ቆርጣለች።

“ለመጪው መስቀል ተገዝቶ ለሚቀለበው በሬ ያዋጣሽውንስ በኅዳር መልሱልኝ ትያለሽ?” አልኳት። “እንግዲያው ቀንዱን ቆርጠው ይስጡሽ!”

ሳቀች። “ጋሼ፣ መውረዱን ከማን የሰማሁ ይመስልዎታል? ትናንት ደውለው የነገሩኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?”

ለካ ጠዋት ጠዋት ዋጋውን ተደብቄ እንደማይ ነቅታብኛለች።

በመጨረሻ ተስማማን፤ እሷ አትሸጥም፣ እኔም አላይም። ዋጋውን የማይበትን መተግበሪያ በገዛ እጇ ከስልኬ ላይ አጥፍታ፣ “እስከ መስቀል ደህና ይሁኑ!” ብላ እየሳቀች ተሳፈረች።

የስፌት ቤቷ ገንዘብ ተርፏል። የእኔን ትዕግሥት ግን እንጃ። እራት ከበላሁ ወዲህ ስልኬን አነሳና መልሼ አስቀምጣለሁ። መስቀል ደግሞ ገና አሁን ማለፉ ነው።