ከቧንቧው ጋር ስለወረደው ወንድሜ

ለተከበሩ የሕንፃ ሥራችን የደህንነት ኃላፊ፣
ባሉበት፤ ማለትም መሬት ላይ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ? ታናሽ ወንድሜ ወገቡን በጀሶ ታስሮ ከተኛ ወዲህ የሰው ወገብ መጠየቅ ለምዶብኝ ነው። ይህን ማን ጻፈለት ብለው እንዳይደክሙ፤ እኔው ቀለም ቀቢው ነኝ። በማታ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ መምህራችንም የእጅ ጽሑፌን አይተው ራሳቸውን ነቅንቀዋል፤ በአድናቆት ይመስለኛል። ደብዳቤውን በግቢው በር ላይ የለጠፍኩት ሁሉም እንዲማርበት ነው።

ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. ከትከሻ እስከ ጭን ስለሚታሰሩት አዳዲስ የደህንነት ቀበቶዎች እናመሰግናለን። እንዳያረጁ መጋዘን ቆልፈውባቸው፣ ጎብኚ በመጣ ቁጥር አውጥተው ሲያለብሱን እንደ ሙሽራ ያምርብን ነበር። ጎብኚው ሲሄድ አውልቀን ወደ ፎቁ እንመለሳለን፤ የመውደቅ አደጋውም ጎብኚውን ለመሸኘት የወጣ ይመስል።

2ኛ. ስለ ሥልጠናው እናመሰግናለን። ማሰሪያው በጭን እንዴት እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል እንደሚጠብቅ በሚገባ አሳይተውናል። ወንድሜ የቀበቶውን መንጠቆ ከምን ጋር እንደሚያያይዘው ሲጠይቅዎ ግን፣ ከኮንክሪት ምሰሶው ጋር የሚታሰረው ገመድ ገና ስላልተዘረጋ፣ ግድግዳው ላይ የሚያልፈውን ቀጭን የውሃ ቧንቧ በጣትዎ ጠቁመው ዝሆን እንደሚሸከም ነገሩን፤ እመኑኝም አሉን። አመንንዎት። ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ቀበቶው በተሰጠን ዕለት ወንድሜ መንጠቆውን እዚያ አያይዞ ሲሠራ ሲንሸራተት ቀበቶው አልተበጠሰም፣ መንጠቆውም አልተፈታም፤ ቧንቧው ግን ከግድግዳው ተነቅሎ አብሮት ወረደ። ዝሆኑ እንኳንም አልመጣ።

3ኛ. ስለ ምስክርነትዎ ግን እንዴት እንደማመሰግን ጠፍቶኛል። ወንድሜ ገና ከመሬት ሳይነሳ፣ መንጠቆውን ስላላያያዘ በራሱ ጥፋት ወደቀ ብለው ለአሠሪው ሲነግሩ በጆሮዬ ሰማሁ። ቧንቧው በዚያች ሰዓት በመንጠቆው እንደተያዘ ወንድሜ አጠገብ ተጋድሞ ነበር፤ እርስዎም እንዳያደናቅፍዎ ተሻግረውት ሄዱ። አሁን ወንድሜን እንቅልፍ የነሳው ወገቡ አይደለም። ሚስቱ ራስጌው ተቀምጣ፣ ለልጆችህ እንኳ ብለህ ምናለ ብታስር እያለች ታለቅስበታለች። አስሬ ነበር ቢላት፣ ያን የሚያህል ኃላፊ ይዋሻል እንዴ ትለዋለች።

ለሚቀጥለው ነገር ግን ቁጥር አልሰጠሁም። ኃላፊ ሳይሆኑ በፊት አብረን ስንቀባ፣ ቀበቶ የሚባል ነገር ሳናውቅ፣ ገመዱን በወገብዎ አስረው ጫፉን የሚሰጡት ለእኔ ነበር። የፈሰሰ ቀለም ረግጠው በወረዱ ዕለት ገመዱ መዳፌን ላጠው፤ አልለቀቅሁም። ያን ዕለት የታሰሩት እኔ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ አልተነቀልኩም። ይህን የማስታውስዎ ረስተውት ይሆናል ብዬ ነው። ሳይረሱት ከሆነ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፤ እሱን ግን ገና አልተማርኩም።

ልመናዬ አጭር ነው። በሠራተኛው ሁሉ፣ በተለይም በወንድሜ ሚስት ፊት ቆመው፣ አስሮ ነበር የምትለዋን ቃል ይናገሩ። ነገም የሚወጡ ሰዎች አሉና ገመዱን ከምሰሶው ጋር ያስዘርጉልን።

ያቺን ቃል እስክሰማ ድረስ እግሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
የቀድሞው ገመድ ያዥዎ፣ የአሁኑ ባለ ፊደል ቀለም ቀቢ።

ማሳሰቢያ፦ የቧንቧው ቀሪ ግማሽ አሁንም አራተኛው ፎቅ ግድግዳ ላይ አለ። ጎብኚዎቹ ሲመጡ እርስዎ ራስዎ መንጠቆዎን እዚያ ላይ አያይዘው ቢያሳዩልን ደስታችን ወደር የለውም። እንደ ድሮው ገመዴን ያዝልኝ እንዳይሉኝ ብቻ፤ እጄ አሁን ብዕር ይዟል።