በጎፈሬ የተለካ ኮፊያ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ዛሬ ከኮፊያው ሦስት ዙር ሠራሁ። ሁለቱን የቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ፣ አንዱን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ከዴስክ ሥር። የፊዚክሱ ጠማማ ወጣና ፈታሁት። እንግዲህ ሁለት ዙር ነው የሠራሁት። ለማን ብዬ ነው የምዋሸው?

አባ ኪሮሼን ባየ ቁጥር አንድ ነገር ነው የሚለው፦ «ማትሪክ በዳንቴል አይታለፍም።» እውነቱን ነው። ግን ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት በርበሬ ተራ አባን ማገዝ፣ ከዚያ ሰልፍ፣ ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ ጥናት። ከቀኑ ውስጥ የእኔ ነው የምለው ኪሮሽ የያዝኩበትን ጊዜ ብቻ ነው። እሱን ካነሱብኝ ምን እቀራለሁ? ተሰላፊ፣ ተሰብሳቢ፣ ተፈታኝ። ሰው ግን አልሆንም።

አሁን የያዝኩት የሰይድን ኮፊያ ነው። ረመዳን ሳይገባ አደርስልሃለሁ ብዬዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ ምድጃ ይሠራል። ኪሮሼንም ከጃንጥላ ሽቦ ቀጥቅጦ የሠራልኝ እሱ ነው። ቅዳሜ ዕለት ራሱን በክር ለካሁት። ጎፈሬው አይጣል ነው፣ ክሩ ሊያጥረኝ ምንም አልቀረው። እማ «ይኼን ጫካ ተላጭና እንደ ሰው ኮፊያ አድርግ» ስትለው፣ «እማ፣ በአላህ ጎፈሬዬን ተዪልኝ፣ ያለኝ ሀብት እሱ ነው» አላት። አባ እንኳ ሳቀ።

ነጭ ክር ከገበያ ጠፍቷል። የሬዲዮኑን ልብስ መፍታት ጀምሬያለሁ። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ የሠራሁት ዳንቴል ነው፣ መሀሉ ላይ ዳክዬ አለችበት። ዛሬ አንገቷ ድረስ ደረስኩ። አባ ማታ ዜና ሲሰማ አይቷታል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

የውይይት ክበብ ነበር። እትዬ በለጡ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ሰፈር ውስጥ እትዬ፣ መድረክ ላይ ሲወጡ ጓድ ይባላሉ። ዛሬ ስለ ብሔራዊ ውትድርና የተጻፈ ነገር ያነቡ ነበር። እኔ ነጠላዬ ሥር እሠራለሁ። እጄ ሲሠራ ጆሮዬ ይበልጥ ይሰማል፤ ይህን ለማን ብነግረው አያምነኝም።

«ጓዲት ዘይነብ! ነጠላሽ ሥር የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። ኮፊያውን አውጥቼ አሳየኋቸው። ይወስዱብኛል ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን፦ «እጅሽ እንዲህ ሥራ ከወደደ ሐሙስ ከሰዓት ለሠራዊቱ ስንቅ ዝግጅት ትመጫለሽ» አሉ። ተጨበጨበ። ሐሙስ ለሒሳብ ያስቀመጥኩት ቀን ነበር። ማን ጠይቆኝ።

ስንወጣ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ሳልፍ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ወንድምሽ ሰሞኑን ውጭ ውጭ አይበል» አሉኝ። ይህን የተናገሩት እትዬዋ ናቸው፣ ጓዷ አይደሉም።

ለሰይድ ነገርኩት። «አፈሳ አፈሳ ሲባል ይኸው ስንት ጊዜ ሆነ። ቤት ከተቀመጥኩ ምድጃውን ማን ይቀጠቅጠዋል፣ አንቺ በኪሮሽሽ?» አለኝ። ጸጉሬን ጎተተና ወጣ። አኮረፍኩ።

አንድም ዙር አልሠራሁም። አንድ የታሪክ ምዕራፍ አነበብኩ፣ አሁን ምንም አላስታውስም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ሰይድን ወሰዱት።

አብነት ሰፈር ነው የያዙት። አብሮት የሚሠራው ሙሉጌታ ሮጦ መጥቶ ነገረን። የአፈሳው መኪና ድንገት መንገዱን ሲዘጋ ሰው ሁሉ በየሱቁ ገባ፤ ሙሉጌታም አንድ ጨርቅ ቤት ገብቶ ተረፈ። ሰይድ ለደንበኛ የሚያደርሰውን ምድጃ ተሸክሞ ነበር። ጥሎት መሮጥ ይችል ነበር። ቀስ ብሎ፣ እንዳይጣመምበት፣ መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ደረሱበት።

ምድጃ ነው እኮ! ቆርቆሮ! ቢጣመም ተመልሶ ይቀና የለም?

ምድጃውን ሙሉጌታ ይዞልን መጣ። በሩ ሥር ተቀምጧል። እማ ዞራ ዞራ ታየዋለች። ሁልጊዜ ሰይድ ሲያመሽ «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ትል ነበር፤ ወንድ ልጇ እሱ ብቻ ነው። አባ የበርበሬ ዱካኑን ዘግቶ ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞር ዋለ። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

መጽሐፍ አልነካሁም። ክርም አልነካሁም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ተገኘ። የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ከብዙ ልጆች ጋር። ምግብ ማቀበል ይቻላል፣ ቆሞ ማውራት አይቻልም። መቼ እንደሚጫኑ የሚያውቅ የለም። አንዱ ነገ ይላል፣ አንዱ ቅዳሜ፣ አንዱ «ዝም ብለሽ ጸልዪ» ይላል።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ኮፊያው ነው። አፈርኩ። ወንድሜ ታፍሶ እኔ ስለ ዳንቴል! ግን እኔ ሌላ ምን አለኝ? እማ ታበስልለታለች። አባ ሰው ይለምንለታል። ለእኔ የቀረልኝ ይኸው ነው። ሳይሄዱ አደርሰዋለሁ። ሒሳብ አይሮጥም።

እረፍት ላይ አንድ ዙር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሜ ትንሽ። ከዚያ ስንቅ ዝግጅት ሄድኩ፤ ካልሄድኩ ስሜ ይያዛል። ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቷል፣ የእኔ ድርሻ በሶውን መንፋት ነው። መጀመሪያ በንዴት እየነፋሁ ግማሹን አፈሰስኩት። በኋላ ይህ በሶ ዞሮ ዞሮ ሰይድ አፍ ሊገባ እንደሚችል ታሰበኝ። ድጋሚ ነፋሁት፣ በደንብ አድርጌ።

እትዬ በለጡ ዓይኔን አያዩም። አመሻሽ ላይ መጡና ወንፊቱን ከእጄ ተቀበሉኝ። «እዚያ ጥግ ሄደሽ ተቀመጪ፣ ያንን ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። እሳቸው ጓድም እትዬም ሆነው ቆመው ነፉ። ልጠላቸው ነበር የተዘጋጀሁት፤ እንዴት እንደማደርግ አላወቅሁም።

ኮፊያው አለቀ! ጠርዙን ሁለቴ አዞርኩለት። ዳክዬዋ ሙሉ በሙሉ ጠፍታለች፤ ሬዲዮኑ ራቁቱን ነው። እማ ኮፊያውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ስትዳብሰው ቆየች።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

ሁለተኛውን የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ዘልዬ ወጣሁ። ምግቡን ይዤ፣ ኮፊያውን ከእንጀራው በላይ በወረቀት ጠቅልዬ። ጥበቃው ሸምገል ያሉ ሰውዬ ናቸው። ወረቀቱን ገልጠው ኮፊያውን ሲያዩ ግራ ቀኝ ገላመጡና «በአጥሩ በኩል፣ ቶሎ» አሉኝ።

አንድ ልጅ ወደ አጥሩ መጣ። ይህ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው ብዬ ከኋላው ሰይድን እፈልጋለሁ። «ዘይኑ» አለኝ። ሰይድ ነው። ሙልጭ አድርገው ላጭተውታል።

ጭንቅላቱ ትንሽ ናት። ጆሮዎቹ ቀርተዋል ብቻ። እንዲህ ትንሽ ጭንቅላት እንዳለው አብሬው አድጌ አላውቅም።

ኮፊያውን አጠለቀው። አፍንጫው ድረስ ወረደ። አጠገቡ የነበሩት ልጆች በሳቅ ፈነዱ፣ እሱም ከውስጡ ሆኖ ሳቀ፣ ጥበቃውም ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ ለቅሶዬ መጣ። ጎፈሬውን ነበር የለካሁት፣ ወንድሜን አልነበረም። ስንቱ ልጅ ታፍሶ ሲላጭ ሰምቼ፣ ይህን እንዴት አላሰብኩም?

«አምጣው፣ ነገ አጥብቤ አመጣልሃለሁ» አልኩት። ክር በአጥሩ ቀዳዳ ሰጠሁት፤ ራሱን ለካና ቋጥሮ ከኮፊያው ጋር መለሰልኝ።

«ነገ የሞዴል ፈተና አለብሽ አይደል? ተፈተኚ። ኮፊያው ቢቀር ይቀራል» አለኝ። ራሱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ግን ራሴን ይበርደኛል፣ አልለመድኩትም» አለ።

ጥበቃው «በቃ!» አሉ።

ቤት ስደርስ ለእማ ነገርኳት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ» አለች፣ በቁጣ ግን አይደለም። ኮፊያ እንደ ቀሚስ በጎኑ አይጠብም። ጎኑ እስከ አናቱ ድረስ መፈታት አለበት፣ አናቱም ሰፍቷልና ከእሱም ይቀነሳል። እኔ ስፈታ አባ ሳይጠራ መጥቶ ክሩን መጠቅለል ጀመረ። ማትሪክ ምናምን አላለም። በኋላ ሳየው ክሩ ቀልቷል።

«አባ፣ እጅህ! በርበሬ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩበት።

መዳፉን አየው። «ስታጠበው ነው የኖርኩት፣ አይለቅም» አለ። ምነው አፌን በቆረጠው። ክሩን አጥቤ ለማድረቅ ጊዜ የለም። ግንባሩን ያቃጥለው ይሆን?

ሙሉጌታ አመሻሹ ላይ መጥቶ ነገ መኪናዎች እንደሚመጡ ሰማሁ አለ። አናቱን ጨርሻለሁ፣ ጎኑን ጀምሬያለሁ። ለነገው የእንግሊዝኛ ፈተና ምንም አላጠናሁም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ቶሎ ልጻፈው።

ፈተና ገባሁ። የማውቀውን አከበብኩ፣ የማላውቀውንም አከበብኩ። ምንባቡን አላነበብኩትም። ኮፊያው ጭኔ ላይ ነው። ፈታኙ መጥቶ አናቴ ላይ ቆመ። «ዘይነብ፣ ይህ የልጅ ጨዋታ አይደለም» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ወረቀቱን ሰጥቼው ወጣሁ። ጎበዝ ተማሪ ነበርሽ የሚል ዓይን ነበር ያለው። ነበርኩ።

በእግሬ እየሄድኩ ሠራሁ። ይቻላል። ከሰው ጋር ትጋጫለሽ፣ ይሰድቡሻል፣ ግን ይቻላል። የመጨረሻውን ቋጠሮ ተክለ ሃይማኖት ጋ በጥርሴ በጠስኩት።

መኪናዎቹ ተነሥተው ነበር። ገና ከግቢው እየወጡ ነው። ድምፅ ማጉያው ማርሽ ያሰማል፣ እናቶች ይጮኻሉ፣ የቱ ከየቱ እንደሚበልጥ አይለይም። እማ ከበሩ ወዲያ ማዶ ነበረች፣ ሰዉ ለየን። የጭነት መኪናው ላይ ልጆች ቆመዋል፣ ሁሉም የተላጩ። ሁሉም ጆሮ ብቻ። እህት ወንድሟን አትለይም ቢሉኝ አላምንም ነበር። አልለየሁትም።

«ሰይድ!» ብዬ ጮህኩ። ይህ መርካቶ ነው። ስንቱ ዞረ!

ሦስተኛው መኪና አጠገቤ ሲደርስ አንዱ እጁን ያወጣ መሰለኝ። ወረወርኩት። አንድ እጅ ቀለበው። ወዲያው የአንድ ልጅ ራስ ላይ አየሁት፣ ከኋላው። ልክክ ብሏል። የአባ በርበሬ ጠርዙ ላይ ይታያል። ከዚያ መኪናው ታጠፈ። ፊቱን አላየሁም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ሰይድ ይሁን አይሁን ስገላብጠው አደርኩ። ትከሻው የእሱ ይመስላል። የስንቱ ልጅ ትከሻ የእሱ ይመስል ይሆን? ሌላም ልጅ ከሆነ ራሱን በርዶት ነበር፤ ይህን ለራሴ እላለሁ፣ አያጽናናኝም። እኔ ደግ አይደለሁም፣ ለወንድሜ ነው የሠራሁት።

ጠዋት እማ የሰይድን አልጋ ስታነጥፍ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ጠየቀችኝ።

«ደረሰው?»

«ደረሰው፣ እማ።»

«ልክ ሆነለት?»

«ልክክ አለለት።»

ይህኛው ውሸት አይደለም፣ አንድ ራስ ላይ ልክክ ብሏል። እማ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ሌላ ሥሪለት፣ መለወጫ ያስፈልገዋል። ወደ እሱ የሚሄድ ሰው ይገኛል» አለችና ክር ልትለምን ጎረቤት ወጣች። ቋጠሮ ያለበትን መለኪያ ክር ፈለግሁት። ትናንት ከሰው ስጋጭ ጥዬዋለሁ።

ነገ የሒሳብ ሞዴል አለ። መጽሐፉን ከፍቼ ፊቴ አስቀመጥኩ፣ እማ ባመጣችው ክር ደግሞ ጀመርኩ። አናቱ ላይ ችግር የለም፤ ኮፊያ ሲጀመር የማንም ራስ ቢሆን አንድ ነው። ልኩን የምፈልገው ወደ ጎኑ ስወርድ ነው። እስከዚያ ጥቂት ቀን አለኝ።