ሳላመለክት ተሸኘሁ

ማርታዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ተናድጃለሁ። ንዴቴን የምነግረው ሰው ደግሞ የለኝም፤ አፌን ስከፍት ሁሉም ሊያጽናናኝ ይሽቀዳደማል።

ልጃችን ሊዲያ ሺሺንዳ፣ እናትሽ ዘንድ ናት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስሟን የምትጠራው በፉጨት ነው። ቦንጋ ያለው ቤታችን እንደተውሽው ነው፤ የመጋረጃውን ቀለም ስትጠዪው እንደነበር ባውቅም አልቀየርኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዲግሪ እንድማር ፈቀደልኝ፤ ቦታውን መርጬ የማመለክተው ራሴ ነኝ። አንድ እሁድ ይህንን ለእናትሽ ሳወራላቸው ጅማንም ኖርዌይንም እያሰብኩ እንደሆነ ነገርኳቸው። እሳቸው ኖርዌይን ያዙ፣ ሌላውን ተዉት።

በሳምንቱ ልጄን ላይ ስሄድ ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ በግ ታርዷል። አጎትሽ ጋሽ ኃይሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡና ባሕሩን በሰላም እንድሻገር መረቁኝ። ሴቶቹ አለቀሱ። እናትሽ አንድ ማሰሮ ነጭ ማር ለፕሮፌሰሩ አድርስልኝ ብለው አስታቀፉኝ። የትኛው ፕሮፌሰር? እኔ እኮ ገና ማመልከቻ እንኳ አልጻፍኩም! ልናገር ብዬ ነበር፤ ግን ያ ሁሉ ሰው አሜን ካለ በኋላ ምን ይባላል? ማሩን ታቅፌ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ቦንጋ ገበያ መውጣት አቃተኝ። የባጃጅ ሹፌሮቹ ሳይቀሩ እስካሁን አልሄድክም እንዴ ይሉኛል። መሥሪያ ቤት የባሰ ነው፤ በአንድ ለአምስት ስብሰባችን ላይ አጀንዳ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ምን እንደማጠና የጠየቀኝ የለም፤ የሚጠየቀው አገሩ ነው። አንዱ ጀርመን ካልሆነ አትድከም ይላል፣ ሌላው ኮሪያን ያሞግሳል። ጅማ ስል ይስቃሉ። ጅማማ ቁርስህን በልተህ ወጥተህ ለምሳ የምትደርስበት ነው ይሉኛል።

ደሜ የሚፈላው ይህን ሲሉኝ ነው። እኛ ያን ቀን መቼ ደረስን?

ጅማ ሆስፒታል ስንወስድሽ ከጎጀብ ወንዝ ወዲህ ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬን ተደግፈሽ፣ አንተ የአፈር መሐንዲስ አይደለህ፣ ምን ሆኖ ነው የተናደው ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሕመሙ እንደዚያ እያጣደፈሽ እንኳ ልታስቂኝ ፈልገሽ ነበር። ውሃ ጠጥቶ ነው አልኩሽ። ከዚያ ያለፈ አላውቅም ነበር። ዶዘሩ መጥቶ መንገዱን እስኪከፍት መሸ፤ አንቺም እስከዚያ አልቆየሽልኝም።

ኖርዌይ ብሄድ የሚያስተምረኝ ፕሮፌሰር ጎበዝ ነው፤ የላብራቶሪው መሣሪያ ያስጎመጃል፣ አልዋሽሽም። የሚያጠናው ግን የራሱን አገር ሸክላ አፈር ነው። የጅማው መምህር ከመሣሪያቸው ግማሹ ተበላሽቷል፤ ጥናታቸው ግን የእኛ ቀይ አፈር ዝናብ ሲበዛበት ለምን እንደሚንሸራተት ነው። ይህንን ለማን ላስረዳ? ትልቅ ስም የፈራ፣ ወኔ የጎደለው አድርገው ነው የሚያዩኝ።

ትናንት ጅማ አመለከትኩ። ዛሬ ማሩን ልመልስ ሺሺንዳ ሄድኩ። ጋሽ ኃይሌ ሲሰሙ፣ ባሕር ተሻገር ብዬ የመረቅኩህ ሰውዬ ጎጀብን ልትሻገር ነው ወይ ብለው አኩርፈው ወጡ። እናትሽ ግን የምታጠናው ያንን የተናደውን ቦታ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ማሰሮውን ተቀብለውኝ አፉን በአዲስ የእንሰት ቅጠል አሰሩና መልሰው አስታቀፉኝ፤ ለጅማው ፕሮፌሰር አድርስልኝ አሉ። እኔም በዚያ ሁሉ ንዴት መሐል አለቀስኩ።

ከተቀበሉኝ ሊዲያን ለማየት በዚያ መንገድ እመላለሳለሁ። በተራራው ሥር ባለፍኩ ቁጥር አንቺንም ጥያቄሽንም አስባለሁ፤ አልረሳም። ያን ቀን በቅጡ አልመለስኩልሽም። ምን ሆኖ እንደተናደ ሳውቅ መጥቼ መቃብርሽ አጠገብ ቁጭ ብዬ እነግርሻለሁ።

ባልሽ