የአክስቴ ሳናቱ ሹሩባ

ውድ እናቴ፣

ከደብዳቤዬ ቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የሃርማታን ነፋስ አቧራ ጀምሯል፤ ሳልሽ ተነሥቶብሽ ይሆን? እኔ፣ ባሌና ልጆቹ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ታማሌም ከነሞተር ብስክሌቷ ጩኸት እንዳለች ናት።

ደህና ነን አልኩሽ እንጂ እኔስ ደህና አልሰነበትኩም። ፀጉሬ ሳስቷል፣ እማዬ። መሃል አናቴ ላይ ያለችው መስመር ቀስ እያለች ሰፍታ፣ አሁን መስታወት ፊት ስቆም ቆዳዬ ይታየኛል። ሹሩባውን ባጠብቀው ይሸፈናል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ማንም እንዳያገኘው፣ እንዳስተማርሽኝ ለቅሜ ጓሮ እቀብረዋለሁ። አፈሩን ስመልስ ሁልጊዜ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ዞር ስል ማንም የለም። ማን እንደሆነች ግን አውቃለሁ፤ አንቺም ታውቂያለሽ።

ነገሩ የሆነው እኔን ለማጨት የተላከው የኮላ ፍሬ ቤታችን በገባ ሰሞን ነበር። ሻሽሽ ወድቆ ሴቶቹ የሳሳ አናትሽን አዩት። የታናሽ እህትሽ የሳናቱ ሹሩባ ደግሞ እስከ ትከሻዋ ወርዶ ያስቀና ነበር። የአባቴ እህቶች ምን ቀራቸው! «የእህቷን ፀጉር እየሰለበች የራሷን ታበዛለች። ዛሬ ፀጉሯን፣ ነገ ነፍሷን!» አሉ። ለመሬቱ መንፈስ መሥዋዕት የሚያቀርበው የምድሩ አባት ዶሮ አረደ። በጀርባዋ ብትወድቅ አክስቴ ነፃ ትወጣ ነበር። ዶሮዋ ግን ተንፈራግጣ ተንፈራግጣ በሆዷ ተደፍታ ሞተች። አክስቴን እንደ እሷ ሰላቢ የተባሉ ሴቶች ወደሚኖሩበት መንደር ወሰዷት። አንቺ በሩን ይዘሽ ቆመሽ ነበር፤ አንዲት ቃል ካፍሽ አልወጣችም። ሐዘን አፍሽን የያዘው መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ወር የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልጅ እግር ናት፣ ቀልደኛ። «ማን ወሰደብኝ ብለሽ ነው የመጣሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። ደሜን አስመረመረችና «እናትሽስ? አክስቶችሽስ?» አለችኝ። ያንቺን አናት ነገርኳት። «ይሄ የዘር ነው እህቴ፤ በብዙ ሴቶች ላይ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ማንም አልሰለበሽም» አለችኝ። አናቴ ላይ በየቀኑ የምቀባው ጠብታ አዘዘችልኝ። መጀመሪያ የሚረግፈው ቢበዛ እንዳልደነግጥ፣ ለውጡ ወራት እንደሚፈልግ፣ ካቋረጥኩት መሳሳቱ እንደሚቀጥል ነገረችኝ። ሹሩባውንም አላልቼ እንድሠራ መከረችኝ። የሺያ ፍሬ ቅቤውስ ብላት፣ «ያለሰልሳል እንጂ አያበቅልም» አለችኝ። ስንት ዘመን እንደተቀባሽው አስቤ ልቤ አዘነ።

ከዚያ ወጥቼ ቤቴ መግባት አቃተኝ። ለባሌ ደውዬ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

አርጅታለች፣ እማዬ። ደጅ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅም ነበር። እንዳየችኝ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሥጋ ከየት መጣ? ባልሽ ያበላሻል ማለት ነው!» ብላ አሳቀችኝና ውሃ ሰጠችኝ። ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ፤ ከዚያ ሻሿን ፈታች።

የእኔ አናት ነው። ያንቺ አናት ነው።

«ድሮም እንዲህ ነበር። ያ ሁሉ ሹሩባ የተቀጠለ ነው» አለችኝ። እኔ እንደ እብድ ጮህኩባት። ታዲያ ለምን ፈትተሽ አላሳየሻቸውም አልኳት። «እህትማማቾቹ ሁለቱም እንዲህ ከሆኑ ልጅቷስ አይሉም? ያጩሽ ሰዎች ኮላቸውን መልሰው ይወስዱት፣ አንቺም ሳታገቢ ትቀሪ ነበር። ዶሮዋ ታወጣኛለች ብዬ አመንኩ። ከዚያ በኋላማ ማን ይሰማኛል?» አለችኝ። እንግዲያው ፀጉሩን ማን ቀጠለልሽ ብዬ ጠየቅኳት። «እኔ በማጅራቴ ዓይን የለኝ» አለችና ወደ ማሽላዋ ተመለሰች።

እኔም አንቺን አልጠይቅሽም። ግን ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ሁለታችሁ በሩን ዘግታችሁ ሹሩባ ስትሠራሩ ሳቃችሁ ግቢው ድረስ ይሰማኝ እንደነበር አልረሳሁም። አሁን ማበጠሪያ ባነሣሁ ቁጥር ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ባልና ልጆች ያገኘሁት በምን እንደሆነ አውቄ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? እወድሻለሁ፤ አዝኜብሽማለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

እዚያ ላሉት የግቢያችን ሽማግሌዎች ደውዬ የሐኪሟን ቃል ነገርኳቸው። «ሐኪም የኛን ነገር ምን ያውቃል? ፀጉሯ የተሰለበው እናትሽ ናት። እሷ ካልተናገረች ሳናቱ ይችን ደጅ አትረግጥም» አሉኝ። እንግዲህ ነገሩ ያለው ባንቺ አፍ ላይ ነው። አክስቴ ስትስል ሰምቻለሁ፤ ብዙ ጊዜ የላትም። ጾሙ ሳይገባ ይዣት እመጣለሁ።

ለትልቋ ልጄም ኮላ ሊመጣ ነው። መልእክተኞቹ ቤቴ ሲገቡ ሻሼን ፈትቼ እንደምቀበላቸው ነግሬያታለሁ። አለቀሰች፣ ከዚያ ጠብታውን ራሷ ቀባችልኝ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን የሰላም ደጅ ያድርግልሽ። እኔና አክስቴ ከደጁ ውጭ ሻሻችንን ፈትተን እንቆማለን። አንቺም ያንቺን ፈትተሽ ነይና በሩን ክፈቺልን።

አናቷ አናትሽን የመሰለው
ልጅሽ