ሁለት እናቶች በአንድ ወረፋ ተናንቀው፦ ለሆስፒታላችን የሲስተም ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ሲስተም ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥዎ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ አንድ ቀን ቢታመሙ የሚመዘገቡት ራስዎ ባሠሩት ሲስተም ነውና። እኔ በኮሌጅ የዳታቤዝ ትምህርት የማስተምር፣ እናቴንም በእርስዎ ሆስፒታል ያሳከምኩ ሰው ነኝ። «ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ መዝገብ ቢነካ ምን ይበላሻል?» እያልኩ በሰሌዳ ላይ ስደክም ኖሬአለሁ፤ እርስዎ ግን የሚበላሸውን ሁሉ በሰው ላይ ሠርተው ስላሳዩኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

አንደኛ፣ ስለ አልጋው። እናቴ በሆዷ ውስጥ ላደገ እጢ ቀዶ ሕክምና ታዝዞላት ስንመጣ፣ የአንደኛው መስኮት መዝጋቢ ኮምፒውተሩን አይቶ «አንድ አልጋ ባዶ ነው» አለና መዘገባት። በዚያው ቅጽበት የጎረቤቱ መስኮት መዝጋቢ ያንኑ ባዶ አልጋ አይታ እንደ እናቴ ቀዶ ሕክምና ለታዘዘላቸው፣ ጡረታ ለወጡ አንዲት አዋላጅ ሰጠቻቸው። ሲስተምዎም ለአንዳቸው «ቆይ፣ ሌላ ሰው ይዞታል» ሳይል ሁለቱንም በደስታ ተቀብሎ የኋለኛውን በፊተኛው ላይ ጻፈበት። እናቴ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለች ከመዝገብ ጠፋች። አዋላጇ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲገቡ አዩዋትና፣ «እህቴ፣ እኔ ከባለቤቴም ጋር አልጋ መካፈል ካቆምኩ ቆየሁ» አሉ። ነርሷ ከዕቃ ቤት ሌላ አልጋ እየገፋች እስክታመጣ ሁለቱ እናቶች አንዷ በራስጌ አንዷ በግርጌ ሆነው ሲሳሳቁ አገኘኋቸው። ለወዳጅነታቸው መነሻ ስለሆኑ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ አቤት ባልን ማግስት ስላደረጉት ማሻሻያ። ሌባ ገባ ሲሉት ቤቱን ከነባለቤቱ ቆልፎ የሚሄድ ሰው እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም ነበር። በአዲሱ አሠራር አንድ ሠራተኛ የሕመምተኛ ፋይል ሲከፍት ፋይሉ ለሌላው ሁሉ ይቆለፋል፤ ይህ ባልከፋ፤ ሠራተኛው ከፍቶት ሲሄድ ግን የሚያስለቅቀው የለም። የእናቴን የሕመም ማስታገሻ ላወጣ ብሄድ ፋርማሲስቷ «ፋይላቸው ተይዟል» አለችኝ። «በማን?» አልኳት። «በካርድ ክፍል ሠራተኛው።» «የት ሄዶ?» «ምሳ።» እናቴም ሰውዬው በልቶ እስኪጠግብ ትራሷን ነክሳ ጠበቀች።

ሦስተኛ፣ ስለ ደሙ። የእናቴና የአዋላጇ የቀዶ ሕክምና ቀን ተገጣጠመ፤ የደማቸው ዓይነት አንድ ነው፤ በደም ባንኩ የተገኘው ደም ደግሞ ለአንዳቸው ብቻ የሚበቃ ነበር። ሲስተምዎ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ለእናቴ፣ ደሙን ለአዋላጇ ቆለፈ። እናቴ ደሙ እስኪለቀቅላት፣ አዋላጇም ክፍሉ እስኪለቀቅላቸው፣ ሁለቱም የተያዘላቸውን ሳይለቁ እርስ በርሳቸው ይጠባበቁ ጀመር። ሐኪሙ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ «ክፍሉ አለ፣ ደሙ አለ፣ እኔም አለሁ፤ የጠፋው ማሽኑን የሚያሳምን ሰው ነው» አሉ። ወደ ክፍልዎ ስንደውል የተሰጠን መልስ «ሲስተሙ በትክክል እየሠራ ነው፤ ይጠብቁ» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ እስከ ምጽአት ድረስ በትክክል ይጠብቅ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ይህ መተናነቅ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ፣ መድኃኒቱም የታወቀ ችግር ነው። ደህና ዳታቤዝ ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ ይከታተላል፤ ተናንቀው ካገኛቸው አንዱን ወደ መነሻው መልሶ የያዘውን ያስለቅቀዋል፤ ሌላው ያልፋል፤ የተመለሰውም እንደገና ይሞክራል። ይህን የሳተ ተማሪ ፈተና ይወድቃል፤ እርስዎ ግን ተሾሙ።

አዋላጇ ነገሩን እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። ሰምተው ሲያበቁ፣ «በቃ፣ እኔ ልልቀቅ። ስንት መንታ አዋልጃለሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ካልወጣን ካሉ እናትየዋም ትጠፋለች። አንዱ ይቀድማል» አሉ።

እናቴ «አንቺ ሳትቀድሚማ ሞቼ እገኛለሁ!» ብላ ስትምል በትሕትና ብዛት ሌላ መተናነቅ ሊፈጠር ነበር።

«አንቺ እየደማሽ ነው፣ የእኔ ይታገሣል፤ ተነሺ!» ብለው አዋላጇ ተቆጥተዋት ደሙን በፊርማቸው ለቀቁ። እናቷን የምታስታምመው ልጃቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ እኔም ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እናቴ ገባች፣ እጢው ወጣ፣ ዳነች።

አራተኛ። በዚህ ሙያ ለሌላው ብሎ የተመለሰ ሰው ቀድሞ የመጣበት ጊዜ ይጠበቅለታል፤ አለዚያ ትናንት የመጣ ሁሉ እየቀደመው ሲጠብቅ ይኖራል። የእርስዎ ሲስተም ግን አዋላጇን ለደግነታቸው የካሳቸው ወደ ሰልፉ ጭራ በመወርወር ነው። ደም ሲገኝ ክፍሉ በሌላ ይያዛል፤ ግጭት በተፈጠረ ቁጥር የሚሰረዙት «አዲስ ገቢ» የተባሉት እርሳቸው ናቸው። ቀልዳቸው እያጠረ፣ ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ። እናቴ ድና ከወጣች በኋላም በየጠዋቱ እየመጣች ፀጉራቸውን ታበጥርላቸው ነበር።

በመጨረሻ የሐኪሙ ትዕግሥት አለቀ። ራሳቸው ወደ ደም ባንኩ ወረዱ፤ የደም ባንኩ ኃላፊ ናሙናውን ደጋግማ አመሳክራ ደሙን ሰጠቻቸው፤ ኮምፒውተሩ «ይጠብቁ» እያለ ቀደዱ፣ ሰፉ፣ አዳኑ። አዋላጇ ዛሬ ቤታቸው ናቸው። በእርስዎ መዝገብ ግን አሁንም ወረፋ ላይ ስለሆኑ «ተራዎ ገና ነው» የሚል መልእክት በስልካቸው ይደርሳቸዋል።

እርስዎም ዝም አላሉም፤ ሐኪሙን «በሲስተሙ ያልተለቀቀ ደም ተጠቅመዋል» ብለው ከሰሷቸው። ሐኪሙ ነገ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት እንደሚቀርቡ ሰምተናል። እኛም እንመጣለን፤ እኔ፣ እናቴ፣ የአዋላጇ ልጅ፣ አዋላጇም በገዛ እግራቸው። ክሱን ጮክ ብለው እንዲያነቡልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን፤ በተለይ «ተጎጂ» በሚለው ቦታ ላይ የማንን ስም እንደጻፉ ለመስማት ጓጉተናል።

የጊዜዎን ውድነት ተቀምጦ በመጠበቅ የተማረ፣ ሥራዎንም ለተማሪዎቹ በማስጠንቀቂያነት የሚያስተምር፣ አክብሮቱ ወደር የሌለው፣

የአንዲት የዳነች እናት ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ ጥበቃው «ዕረፍት ወጥተዋል» አለኝ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እውነት ነው ብሎ የሚቀበል ሲስተም የማውቀው አንድ ብቻ ስለሆነ አልተከራከርኳቸውም።