ሮማውያን ቀለሟን ስላስተማሯት ቃል

ነቀምት፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀብተጊዮርጊስ ዘለቀ
የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከክፍላችን ሲወጡ ፊትዎ ቀልቶ የአንገትዎ ሥር ተገትሮ ስላየሁ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ደም ብዛትዎ ሳልጨነቅ የዋልኩበት ቀን የለም። እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ከንቀት አይቁጠሩብኝ።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ መላክ ሲገባኝ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ክብርዎን ለመዳፈር አይደለም። ቀደም ሲል የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ያላገኙት መንገዱ አድክሟቸው ይሆናል ብዬ ነው። ይህኛው ሩቅ አይሄድም። ቆሞ ይነበባል።

ጉዳዩን ክቡርነትዎ ያውቁታል። ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ግን፦ ከኡኬ ገጠር መጥታ እዚሁ በቡርቃ ጃቶ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር ቀለሟ ሞረዳ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ አንዲት ቃል በመናገሯ በክቡርነትዎ ትእዛዝ ተባርራለች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊሰጥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ስሟ ከተፈታኞች ዝርዝር ላይ በቀይ ቀለም ተሰርዟል። ዘንድሮ ካልተፈተነች ወደ ኡኬ ትመለሳለች፤ አባቷ ሌላ ዓመት ሊያቆዩዋት አይችሉም። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ሮማ ነው።

እንግዲህ አቤቱታዬን፣ አቤቱታ መባሉ የሚያስቀይም ከሆነም ምስጋናዬን፣ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሮማውያንን ወክዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መንግሥት ራሱ ማኅተም አድርጎ የላከልን የታሪክ መጽሐፍ እንደሚለው ሰባት ነገሥታት ነበሯቸው፤ ሰባተኛውን ስለ ትዕቢቱ አባረሩት። ክቡርነትዎ በዚያን ዘመን ስላልነበሩ የሚመክራቸው ሰው አጡ። ከዚያም በአንድ ንጉሥ ፋንታ ሁለት ሹሞች አቆሙ፤ እነሱንም ለአንድ ዓመት ብቻ። ሐሙስ ዕለት ይህን ስንከልስ ኩማ የሚባለው ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሹሙ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ቤቱ ይሄዳል አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ክቡርነትዎ በር ላይ ቆመው እንደነበር ያየሁት ሳቁ ሲቆም ነው።

፪ኛ. ስለ ቃሏ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፤ ልጆቹ ደግሞ በሆዳቸው ወደ ኦሮምኛ ይመልሱታል። ሦስት ወንዝ ነው። አንዳንድ ነገር ሲሻገር ይረጥባል፣ አንዳንዱም ታጥቦ ይወጣል። ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረ ትምህርት፣ ሴኔት የሚለው ስም ሽማግሌ ከሚለው ቃል የመጣ ነው ስላቸው ከኋላ በኩል «ጃርሳ ቢያ!» አሉ፤ የአገር ሽማግሌዎች ማለታቸው ነው። ከእኔ ትርጉም የእነሱ ይሻላል። ፕሌብ የተባለውን ሕዝብ ስገልጽ፣ የሚያርስ፣ የሚዘምት፣ በሸንጎው ግን የማይቀመጥ ብዬ ነገርኳቸው። ጥያቄ አለ ወይ አልኩ። ማንም እጁን አላወጣም። ያ ዝምታ በደብተር አልተጻፈም። ክቡርነትዎ እንዳስቀደዱት ቅጠል ሊቀደድ አይችልም።

ይህ ሕዝብ ትሪቡን የሚሉት ጠበቃ ነበረው። ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት የተማለለት፣ የቤቱ በር ቀንም ሌትም እንዳይዘጋ የታዘዘ ሰው ነው፤ ከቢሮዎ ደጃፍ ሦስት ቀን በተቀመጥኩ ጊዜ ስለዚህ በር ብዙ አስቤአለሁ። የሹም ትእዛዝ ሕዝቡን የሚጎዳ ሲሆን ትሪቡኑ ይነሣና አንዲት ቃል ይናገራል። ትእዛዙ ይቆማል። ቃሏን «አግዳለሁ» ብዬ ብተረጉማት አልገባቸውም። «እቃወማለሁ» አልኩ፤ ፊታቸው እንደ ግድግዳ ሆነብኝ። ደወሉ ሊደወል ነው። «በቃ፣ እምቢ ማለት ነው» አልኩ። ጻፉት።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ነቀምት ወልዶኛል፤ እምቢን የማውቃት ከእናቴ ጉያ ነው። ገላዬን አልታጠብም ስል። በቅሎ ድልድይ ላይ ስትገተር። ቀለሟ ግን አማርኛን ያገኘችው ከጥቁር ሰሌዳ ነው። ቤቷ ውስጥ እምቢ የሚል የለም፤ በኦሮምኛ ዲዴ ነው የሚባለው። ስለዚህ እምቢን መጀመሪያ ያገኘቻት በሮማ ሸንጎ፣ ነጭ በለበሰ ጠበቃ አፍ ላይ ነው። የሥነ ሥርዓት ቃል መሰለቻት። ለትልቅ ሰው ብቻ፣ ተነሥተው የሚሏት።

ክቡርነትዎ ስለ ሮማ የተጻፉትን ስድስት ቅጠሎች ሁሉም ከየደብተሩ እንዲቀድድ ባዘዙ ጊዜ አርባ አንዱ ልጆች ገጻቸውን መፈለግ ጀመሩ። አርባ ሁለተኛዋ ተነሣች። እጇን አጣመረች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና «ክቡር ሆይ፣ ፈተናው ላይ ይመጣል። እምቢ፣ እባክዎን» አለች። በብዙ ዘመን አገልግሎትዎ እጅ ነሥቶ፣ እባክዎን ብሎ የተሳደበ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ አላጋጠመኝም። የመባረሪያው ደብዳቤ ግን «በድፍረት» ይላል። ለዚህ የቃል አመራረጥዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫ኛ. ጸሐፊዎ ሰኞ ዕለት ቤቴ ድረስ ስለመጣ አመሰግናለሁ። «ይህን ቃል ማን አስተማረሽ?» ብለው ክቡርነትዎ ሲጠይቋት ቀለሟ «ሮማውያን» ብላ ስለመለሰች፣ በከተማው ውስጥ ስንት ሮማውያን እንደቀሩ እንዲያጣራ ታዞ ነው የመጣው። ሁሉም ሞተዋል አልኩት። መቼ አለኝ። ከሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት አልኩት። ጻፈው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ቤተሰባቸውስ አለኝ።

፬ኛ. አባቷ ኦቦ ሞረዳ ቅዳሜ ጠዋት ከኡኬ መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ግቡ ብላቸው ደጃፍ ላይ ቀሩ።

«ያ ባርሲሳ፣» አሉኝ፤ መምህር ሆይ ማለታቸው ነው፣ «ልጄ ምን ሰረቀች?»

ምንም አልሰረቀችም አልኳቸው።

«ሰው መታች?»

አልመታችም፤ ቃል ነው የተናገረችው አልኳቸው።

ከጉልበታቸው ላይ ጭቃውን በእጃቸው ጠረጉ። «ሰርቃ ቢሆን ይሻል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የተሰረቀ ይመለሳል። ቃል እንዴት ተደርጎ ይመለሳል? አንተ የተማርክ ነህ፤ ንገረኝ።»

የተማርኩት እኔ አልነገርኳቸውም። ምናልባት ክቡርነትዎ ያውቁ ይሆናል። እርሳቸው አሁንም ከተማው ውስጥ ናቸው፤ መልሱን ይጠብቃሉ።

፭ኛ. ይህ ቁጥር በክቡርነትዎ ላይ አይደለም። ደንቡ አቤቱታ በበላይ ላይ ብቻ እንዲቀርብ ያዝዝ እንደሆነ ይህችን አንቀጽ ይዝለሏት።

ማን አስተማረሽ ባሏት ጊዜ ከእርሷ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ጠመኔ ይዤአለሁ። ቀለሟ ወደ እኔ አላየችም። ዘወር ብላ ብታየኝ ኖሮ እርስዎም ዓይኗን ተከትለው ያዩኝ ነበር፤ ይህን አውቃለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሮማውያን አለች። እኔ የጠመኔውን ጫፍ አየሁ። መስኮቱን አየሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረኝ፤ እኔ ነኝ፣ የሚል። ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ተመለሰ። ከዚያ እርሷ ወጣችና በሩ ተዘጋ።

ባለቤቴ በዛብሽ ይህን ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አላቆመችም። «አንተ ሰውዬ፣ ለሞቱት ሮማውያን ይህን ያህል ስትለፈልፍ ለልጅቱ አንዲት ቃል አጣህ?» አለችኝ።

አጣሁ።

አሁን ተገኝታለች። ዘግይታለች እንጂ። እምቢን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ስሜ ከታች አለ።

ስለዚህ በብዙ ትሕትና የምለምነው፣ ክቡርነትዎ በቀይ ቀለም የሰረዙትን ስም በመረጡት ቀለም መልሰው ቢጽፉት፣ ለሥርዓት ሲባልም አንድ ስም መሰረዝ ግድ ከሆነ ከመምህራን ዝርዝር ውስጥ የእኔ ስም ቅርብ ስለሆነ፣ እጅዎ ብዙ ሳይደክም እንዲደርስበት ነው።

የቁጣዎ ዝናብ በኔ ጣራ ላይ ሳይሰስት ይዝነብ፤ ጤናዎን ግን አምላክ ይጠብቅልን እያልኩ፣ በማዕረግዎ ፊት ዘወትር ከሚገባኝ በላይ ጎንበስ የምል፣ በዝምታ ትምህርት በማዕረግ የተመረቅሁ ታዛዥ አገልጋይዎ

ገብረክርስቶስ ደምለው
የታሪክ መምህር

ተጨማሪ፦ ፈርሜ ሳበቃ ደወል ስለተደወለ ወደ ክፍል ገባሁ። ማንም የለም። አርባ አንዱም ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመስኮት ይታያሉ። አይጮኹም፣ ድንጋይ አልያዙም። ዘበኛው ዱቤ ወጥቶ እንዲወርዱ ቢለምናቸው «ቀለሟ ስትገባ» አሉት፤ ሌላ አልተናገሩም። በመጽሐፉ ሠላሳ ስምንተኛ ገጽ ላይ ትሪቡን የሚባለው ሹመት እንዴት እንደተገኘ ተጽፏል፦ ፕሌቦቹ አንድ ቀን ከተማውን ባዶ ጥለው ወጡ፣ ኮረብታ ላይ ተቀመጡ፣ ሹሞቹም የሚያርስላቸውና የሚዘምትላቸው ሲያጡ ራሳቸው ሽማግሌ ላኩ። ክቡርነትዎም የሚልኩ ከሆነ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይሁን፤ ዳገቱንም ዝናብ ስለመታው ያዳልጣል። ይህን ገጽ ከክለሳው በኋላ ላስተምራቸው ያሰብኩት ያን ሐሙስ ነበር፤ ክቡርነትዎ ደረሱ። እጄን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጭኜ እምላለሁ፤ ገና አላስተማርኳቸውም።