«ከሌላው ወገን ማንን ታምናለህ?» እያሉ ላስታረቁን ለሼህ ሀምዱ ያሲን

የቡሬና አካባቢው ሙስሊሞች የእርቅና ሽምግልና ማኅበር ሰብሳቢ የነበሩት ሼህ ሀምዱ ያሲን በፍኖተ ሰላም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት በቡሬ ተፈጽሟል። ማኅበራችን ደንግጧል፤ እጅግም አዝኗል።

ሼህ ሀምዱ የሚተዳደሩት በቡሬ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ በመሸጥ ነበር። የተጣላ ሰው በመጣ ቁጥር ሱቃቸውን ለገበያ ዘግተው ነገሩን እዚያው ይሰማሉ፤ ቤተሰባቸውም ይህን ችሎ ኖሯል።

በ1996 ዓ.ም. ማኅበሩ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጋጩ አንድ ዳኛ ከእርሱ፣ አንድ ዳኛ ከእርሷ ቤተሰብ እንዲቀመጥ ቁርኣን ያዛል። በእኛ ዘንድ ግን ሁሉም የራሱን ተከራካሪ ይዞ ስለሚመጣ ሽምግልናው ራሱ ሌላ ጠብ ይሆን ነበር። እርሳቸው ባል ከሚስቱ ቤተሰብ፣ ሚስትም ከባሏ ቤተሰብ የሚያምኑትን ሰው እንዲመርጡ አደረጉ። ይህ ሳይሆን ነገር አይሰሙም፤ ቁጡም ነበሩ። «ማንንም አላምንም» ያለውን ሁሉ «ታዲያ ከማን ቤት ነው ያገባኸው?» ይሉት እንደነበር አንረሳም።

በ2008 ዓ.ም. ሙስሊምና ክርስቲያን አርሶ አደሮች በግጦሽ መሬት ሲጋጩ፣ ከክርስቲያኑ ሽማግሌ ከአቶ ስመኘው ባዬ ጋር በዚሁ ደንብ ዳኝተዋል። አቶ ስመኘውን የመረጡት ሙስሊሞቹ፣ ሼህ ሀምዱን የመረጡት ክርስቲያኖቹ ናቸው። ግጦሹ ዛሬም የጋራ ነው።

ሕመማቸው ሲጸና በእጃቸው የነበረው የአቶ በድሩና የወይዘሮ ናጂሃ ጉዳይ ነው። ባልና ሚስቱ ለፍቺ ተቃርበው፣ አንዳቸውም ከሌላው ቤተሰብ ሰው አልመርጥም ብለው ቀጠሮ ሲያፈርሱ ከርመዋል። ሼህ ሀምዱ በሕመም አልጋ ላይ ሆነው እንኳ «መረጡ ወይ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። አልመረጡም ማለት ከብዶን ወሬ እንለውጥ ነበር።

በለቅሶው ቤት ወይዘሮ ናጂሃ የባለቤታቸውን እህት ወይዘሮ አሪፋን፣ አቶ በድሩም የሚስታቸውን አባት መምረጣቸውን ለየብቻ ቀርበው ነግረውናል። ይህን ይፋ ያደረግነው በፈቃዳቸው ነው።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ናዚፋ፣ ለልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለአቶ ስመኘው አላህ ብርታቱን ይስጥልን። ሼህ ሀምዱንም ይማርልን፣ በጀነት ያኑርልን።

የአቶ በድሩና የወይዘሮ ናጂሃ ሽምግልና በመጪው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ እንደ ወትሮው በሼህ ሀምዱ ሱቅ ይሰማል። ሁለቱም እንደሚመጡ አረጋግጠውልናል።